ዊንድ ተነል ሳይኖር የመኪናችሁን የአየርና የጎማ ተቃውሞ እንዴት ትለካላችሁ?

ፖርቶመጋላ ነዳጅ ይበላል? ሰፋ ያለ ጎማ ባስገባስ? መስኮት ከፍቶ መንዳት ይሻላል ወይስ ኤሲ? እነዚህ ጥያቄዎች ደጋግመው ይደርሱኛል። መነሻቸው ግን አንድ ነው፦ መኪናዬን ወደኋላ የሚይዘው ምንድን ነው፣ መጠኑስ ስንት ነው?

ትልልቅ አምራቾች የአየሩን ተቃውሞ የሚለኩት ዊንድ ተነል ውስጥ ነው። መኪናው ሚዛን ላይ ይቆማል፣ ግዙፍ ማራገቢያ አየር ይነፋበታል፣ ሚዛኑ አየሩ ስንት እንደገፋው ያነባል። የጎማውንና የማርሹን ደግሞ ሮለር (ጎማው ላዩ ላይ ሆኖ የሚያዞረው በርሜል) ላይ ይለካሉ። እነሱም ቢሆኑ ግን መንገድ ላይ ወጥተው የሚሠሩት አንድ ሙከራ አለ። ኮስትዳውን ይባላል። እኔ እዚህ የመልቀቅ ሙከራ እለዋለሁ። መኪናውን ፍጥነት ታሲዙታላችሁ፣ ኒውትራል ታስገባላችሁ፣ ፍጥነቱ ሲወርድ ጊዜውን ትይዛላችሁ። በቃ ይኸው ነው። የነዳጅ ፍጆታ በሚለካባቸው ላብራቶሪዎች ሮለሩ ምን ያህል ጫና እንዲያደርግ የሚወሰነው ብዙውን ጊዜ ከዚሁ ሙከራ በሚወጣ ቁጥር ነው።

የሚሠራበት ምክንያት ቀላል ነው። ኒውትራል ላይ ያለ መኪና የሚገፋው ነገር የለም። ፍጥነቱን የሚቀንሱት አየሩ፣ ጎማውና የሚሽከረከሩት ዕቃዎች ብቻ ናቸው። አየሩ ፍጥነት ሲጨምር በጣም ይከብዳል፤ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን እሱ አራት እጥፍ ይሆናል። የጎማው ተቃውሞ ግን በዝግታም በፍጥነትም ብዙ አይለዋወጥም። ስለዚህ አንዴ በከፍተኛ፣ አንዴ በዝቅተኛ ፍጥነት ከለካችሁ ሁለቱን መለየት ትችላላችሁ።

ከመጀመራችሁ በፊት፦ ማስጠንቀቂያ

ይህንን ክፍል አትዝለሉት።

ሞተሩን በፍጹም አታጥፉ። ሙከራው ኒውትራል እንጂ ሞተር ማጥፋት አይደለም። ሞተር ሲጠፋ መሪው ይከብዳል፣ ፍሬኑም ከጥቂት መርገጥ በኋላ ይደርቃል። ቁልፉን ከመለሳችሁት ደግሞ መሪው ሊቆለፍ ይችላል።

ትራፊክ ባለበት መንገድ አትሞክሩት። የአዲስ–አዳማ ፍጥነት መንገድ ለጥ ያለ ስለሆነ ያጓጓል፣ ግን አይሆንም። ከኋላ በ100 የሚመጣ ሰው እናንተን 30 ላይ አገኛችኋለሁ ብሎ አይጠብቅም። የገጠር አስፋልት ላይም በማለዳ ከብት፣ አህያና ገበያተኛ ይበዛል። የሚሻለው ባለቤቱ የፈቀደው ዝግ ቦታ ነው፦ ገና ያልተከፈተ መንገድ፣ የኢንዱስትሪ መንደር ውስጥ ያለ ባዶ መንገድ፣ ወይም በፈቃድ የሚገባበት ማሠልጠኛ ሜዳ።

አሽከርካሪው ይንዳ፣ ሌላ ሰው ይመዝግብ። አንድ ሰው ሁለቱንም አይሠራም።

ቁልቁለት ላይ ኒውትራል መልቀቅ የነዳጅ ቁጠባ ዘዴ አይደለም። በኢንጄክተር የሚሠራ መኪና ማርሽ ውስጥ ሆኖ እግር ከነዳጅ ፔዳሉ ሲነሳ ራሱ ነዳጁን ይቆርጣል። ኒውትራል ላይ ግን ሞተሩ ነዳጅ እየጠጣ ይዞራል፤ እናንተም የሞተሩን መያዝ ታጣላችሁ። ይህ መመሪያ ለጥ ያለ መንገድ ላይ ለሚደረግ ሙከራ ብቻ ነው።

አውቶማቲክ፣ ሃይብሪድ ወይም ኤሌክትሪክ መኪና ከሆነ መጀመሪያ የመኪናውን መመሪያ መጽሐፍ አንብቡ። አንዳንዶቹ በፍጥነት ላይ ወደ ኤን እንዲገቡ አይፈቅዱም። ዲ ላይ ትቶ መልቀቅ ደግሞ ለዚህ ሙከራ አይሆንም። ኤሌክትሪክ መኪናው ራሱን እያስቆመ ባትሪውን ስለሚሞላ የምትለኩት ያንን ይሆናል።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ቢያንስ 800 ሜትር ያህል ቀጥ ያለ፣ ለጥ ያለ፣ ጉድጓድ የሌለው አስፋልት
- የጂፒኤስ ፍጥነት ከነሰዓቱ የሚመዘግብ ስልክ፣ ዳሽቦርድ ላይ በደንብ የታሰረ
- የጎማ ንፋስ መለኪያ፤ የራሳችሁ ቢሆን ይመረጣል
- ቴርሞሜትር
- ባሮሜትር፤ ብዙ ስልኮች ውስጥ አለ፣ የሚያነብ አፕ ብቻ ጫኑበት
- የመኪና ሚዛን፤ እህል ወይም ብረት የሚያራግፉ ግቢዎች ውስጥ አይጠፋም
- ክሪክና ማቆሚያ
- ደብተርና እስክሪብቶ
- አንድ ረዳት

ከርቀት ሙቀት የሚያነበው ሽጉጥ መሳይ ቴርሞሜትር ካላችሁ ጥሩ ነው፤ ከሌለ ግን አትቸገሩ።

ደረጃ 1፦ መንገዱን ምረጡ

ዓይን ለጥ ያለ የሚለው መንገድ ለጥ ያለ አይደለም። በ100 ሜትር 1 ሜትር ከፍ የሚል መንገድ ስትነዱ አይታወቃችሁም። 1,200 ኪሎ የሚመዝን መኪና ላይ ግን 118 ኒውተን (ኒውተን የኃይል መለኪያ ነው) ያህል ይጨምራል። ይህ የጎማውን ተቃውሞ በሙሉ ሊያህል ጥቂት ነው የሚቀረው! ስለዚህ ሁሉም ሩጫ በአንድ ክፍል ላይ፣ በሁለቱም አቅጣጫ ይደረጋል። መነሻና መድረሻውን በኖራ ወይም በድንጋይ ምልክት አድርጉበት። አንዱን ሩጫ እዚህ፣ ሌላውን እዚያ ካደረጋችሁ የምታወዳድሩት መንገዱን እንጂ መኪናውን አይሆንም።

ሰዓቱም የመንገዱን ያህል ወሳኝ ነው። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል አካባቢ፣ ነፋስ ሳይነሳ ጀምሩ። የባሕር ዛፉ ቅጠል ከተወዛወዘ ወይም ፊታችሁ ላይ ነፋስ ከተሰማችሁ ለሌላ ቀን አሳድሩት። ከፊት የሚመጣ ነፋስ በመልስ ጉዞ በከፊል ይካካሳል። ከጎን የሚመጣው ግን በሁለቱም አቅጣጫ ይጎዳችኋል፣ የሚያካክሰው የለም።

ደረጃ 2፦ መኪናውን መዝኑ

ነጂውን፣ ረዳቱን፣ ነዳጁንና መለዋወጫ ጎማውን ጨምሮ ሚዛን ላይ አውጡት። ስሌቱ በሙሉ ክብደት ላይ ስለቆመ ክብደቱን 5 በመቶ ከሳታችሁ ኃይሉንም 5 በመቶ ትስታላችሁ። ሚዛን ካጣችሁ ሊብሬው ላይ ባለው ክብደት ላይ የሰዎቹንና የነዳጁን ደምሩ። ቤንዚን በሊትር 0.75 ኪሎ ገደማ ይመዝናል።

ደረጃ 3፦ ጎማና ፍሬን ፈትሹ

ንፋሱን ጎማው ቀዝቃዛ እያለ፣ በሾፌሩ በር ምሰሶ ላይ በተለጠፈው ቁጥር ልክ አስሞሉ። ጎሚስታው በልምድ የሚሞላው ለመንዳት ይበቃ ይሆናል፣ ለመለካት ግን አይበቃም። በራሳችሁ መለኪያ ድገሙት፤ አራቱም እኩል ካልሆኑ ውጤቱ ምን እንደነገራችሁ አታውቁም።

ቀጥሎ ጎማዎቹን ተራ በተራ አንሱ። ክሪኩን ብቻ አትመኑ፤ ማቆሚያ አስገቡበት። ኒውትራል ላይ፣ የእጅ ፍሬን የሚይዘው ጎማ ከሆነ የእጅ ፍሬኑን ለቃችሁ፣ የቆሙትን ጎማዎች በድንጋይ ደግፋችሁ በእጃችሁ አሽከርክሩት። ሞተር የማይነዳው ጎማ በቀላሉ መዞር አለበት። የሚነዳው ትንሽ ይከብዳል፣ ዲፈረንሻሉን ይዞ ስለሚዞር ጤነኛ ነው። ሽ ሽ የሚል የፍሬን ድምፅ ከሰማችሁ፣ ወይም እንደለቀቃችሁት ወዲያው ከቆመ፣ ፍሬኑ ይዟል። ጉርርር የሚል ሸካራ ድምፅ ከሆነ ኩሽኔታው ነው። መጀመሪያ ያንን አሠሩ። ነዳጅ በላብኝ እያለ ፖርቶመጋላውን የሚወቅስ ስንት ሰው አለ፤ ጥፋተኛው ግን የተያዘ ፍሬን ይሆናል።

ደረጃ 4፦ አየሩን መዝግቡ

ከፍታ ሲጨምር አየር ይሳሳል። ባሕር ጠለል ላይ አንድ ሜትር ኩብ አየር 1.2 ኪሎ ያህል ሲመዝን አዲስ አበባ ላይ 0.9 አካባቢ ነው። ስለዚህ ያው መኪና በዚያው ፍጥነት አዲስ አበባ ላይ ከጅቡቲ ይልቅ ሩብ ያህል ያነሰ የአየር ተቃውሞ ይገጥመዋል። ይህንን ካልመዘገባችሁ ደብረ ብርሃንና ድሬዳዋ ላይ የተለኩ ሁለት መኪኖችን ማወዳደር አትችሉም።

ስሌቱ ይህ ነው፦

የአየሩ እፍጋት (የአንድ ሜትር ኩብ አየር ክብደት በኪሎ) = (ግፊት በሄክቶፓስካል × 100) ÷ (287 × (273 + ሙቀት በሴልሺየስ))

ለምሳሌ ቢሾፍቱ አካባቢ ባለ ከፍታ ግፊቱ 807፣ ሙቀቱ 17 ዲግሪ ቢሆን 80,700 ÷ 83,230 = 0.97 ይመጣል።

አንድ ወጥመድ አለ። የአየር ጠባይ አፖች የሚያሳዩት ግፊት ብዙውን ጊዜ ወደ ባሕር ጠለል የተቀየረ ነው። አዲስ አበባ ቆማችሁ 1,015 ካነበባችሁ ያ ቁጥር አይሆንም። እዚያ ያለው እውነተኛ ግፊት 770 አካባቢ ነው። የስልኩ የራሱ ባሮሜትር የሚያነበውን ውሰዱ።

ደረጃ 5፦ አሙቁት

ቢያንስ 20 ደቂቃ፣ ቢቻል ግማሽ ሰዓት ንዱት። ጎማ ሲሞቅ ይለሰልሳል፣ የካምቢዮና የዲፈረንሻል ዘይት ይቀጥናል፣ ተቃውሞውም ይወርዳል። ቀዝቃዛ መኪና ይዛችሁ ከጀመራችሁ እያንዳንዱ ሩጫ ካለፈው የተሻለ ይመስላል። ሲሞቅ የጎማው ንፋስ ከፍ ይላል፤ ተገቢ ነው፣ አታስተንፍሱት።

ደረጃ 6፦ የላይኛው ሩጫ፣ ከ80 እስከ 70

መስኮቶቹን ዝጉ። 85 ወይም 88 ድረስ ውሰዱት፣ ኒውትራል አስገቡ፣ እግራችሁን ከፍሪሲዮኑም ከፍሬኑም አንሱ። መሪውን ቀጥ አድርጋችሁ ያዙ፤ ትንሽም ቢሆን መሪ ማወዛወዝ ጎማውን ያሻሸዋል፣ ፍጥነት ይበላል። ጂፒኤሱ 80 ካሳየበት 70 እስካሳየበት ያለውን ጊዜ ትፈልጋላችሁ።

85 ላይ ለቃችሁ 80 ላይ መቁጠር የምትጀምሩት መኪናው እንዲረጋጋ ነው። የነዳጅ ፔዳሉን ስትለቁ አፍንጫው ዝቅ ይላል፣ ማርሹም ሲወጣ ትንሽ ይነቀንቃል። እነዚያ የመጀመሪያ ሰከንዶች ንጹሕ አይደሉም።

የዳሽቦርዱን ፍጥነት አትጠቀሙ። አብዛኞቹ መኪኖች ከእውነተኛው ፍጥነት ከፍ አድርገው ያሳያሉ። የስልክ ጂፒኤስ ደግሞ ብዙ ጊዜ በሰከንድ አንዴ ነው የሚመዘግበው። 80 በሁለት ሰከንዶች መሃል ካለፈ ከፊትና ከኋላ ያሉትን ሁለት ቁጥሮች ይዛችሁ መሃሉን አስሉ። ለምሳሌ በአንዱ ሰከንድ 80.6፣ በሚቀጥለው 79.8 ካለ፣ 80 የደረሰው ከመጀመሪያው 0.75 ሰከንድ በኋላ ነው። ይህንን መዝለል በ12 ሰከንድ መለኪያ ላይ ግማሽ ሰከንድና ከዚያም በላይ ሊያስት ይችላል። ልታዩት የፈለጋችሁት ልዩነት እዚያ ውስጥ ሊጠፋ ይችላል።

ደረጃ 7፦ የታችኛው ሩጫ፣ ከ40 እስከ 30

ያንኑ መንገድ ክፍል፣ በተመሳሳይ መንገድ። 45 ላይ ልቀቁ፣ ከ40 እስከ 30 ቁጠሩ። ከ80 እስከ 30 በአንዴ ለመልቀቅ መኪናው ብቻውን ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ይንከባለላል፤ እንደዚያ የሚረዝም ለጥ ያለ ዝግ መንገድ ማግኘት ከባድ ነው። ለሁለት የከፈልነው ለዚህ ነው።

የላይኛውንም የታችኛውንም በእያንዳንዱ አቅጣጫ ቢያንስ ሦስት ሦስት ጊዜ ድገሙ። ከሦስቱ አንዱ በጣም ከራቀ ምክንያቱን ጠይቁ። መኪና አልፏችሁ ነበር? ነፋስ መጣ? ምክንያት ካገኛችሁ ሰርዙት። ምክንያት ከሌለው ግን አይሰረዝም፣ የሙከራው አካል ነው።

ደረጃ 8፦ ጊዜውን ወደ ኃይል ቀይሩ

እያንዳንዱን ሩጫ ለየብቻ፦

ኃይል በኒውተን = ክብደት × 1.03 × 2.78 ÷ ጊዜ በሰከንድ

2.78 ማለት 10 ኪሎ ሜትር በሰዓት ወደ ሜትር በሰከንድ ሲቀየር ነው። 1.03 የገባው ጎማዎቹ ስለሚሽከረከሩ ነው። መኪናውን ለማዘግየት እነሱንም ማዘግየት ስለሚያስፈልግ፣ መኪናው ከሚመዝነው 3 በመቶ ያህል የከበደ ሆኖ ይታያል።

ለማስረዳት ክብደቱን 1,200 ኪሎ እናድርግ። 1,200 × 1.03 × 2.78 = 3,436 ነው። ከ80 እስከ 70 በ12.2 ሰከንድ ከወረደ ኃይሉ 282 ኒውተን፣ ከ40 እስከ 30 በ20 ሰከንድ ከወረደ ደግሞ 172 ኒውተን ይሆናል።

ደረጃ 9፦ የሁለቱን አቅጣጫ አማካይ ውሰዱ፤ የጊዜውን ሳይሆን የኃይሉን

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ስለሆነ በምሳሌ ላሳያችሁ። መንገዱ በ100 ሜትር ግማሽ ሜትር ያዘነብላል እንበል። ያ በአንዱ አቅጣጫ 59 ኒውተን ይጨምራል፣ በሌላው 59 ይቀንሳል። እውነተኛው ኃይል 172 ከሆነ ሽቅብ 231፣ ቁልቁል 113 ይሆናል። በጊዜ ሲታይ ሽቅብ 14.9 ሰከንድ፣ ቁልቁል 30.4 ሰከንድ።

ጊዜዎቹን አማክላችሁ ካሰላችሁ አማካዩ 22.65 ሰከንድ፣ ኃይሉ ደግሞ 152 ኒውተን ይወጣል። 20 ኒውተን ጠፋ። ኃይሎቹን ካማከላችሁ ግን 231 ሲደመር 113፣ ለሁለት ሲካፈል 172። ትክክለኛው ተመልሶ መጣ። የመንገዱ ዝንባሌ የሚጣፋው ኃይል ላይ እንጂ ጊዜ ላይ አይደለም።

ደረጃ 10፦ አየሩንና ጎማውን ለዩ

መካከለኛ ፍጥነቶቹን ወደ ሜትር በሰከንድ ቀይሩና በራሳቸው አባዙ። 75 ኪሎ ሜትር በሰዓት 20.83 ነው፣ በራሱ ሲባዛ 434። 35 ኪሎ ሜትር በሰዓት 9.72 ነው፣ በራሱ ሲባዛ 94.5። ልዩነታቸው 339.5።

የአየር ቁጥር = (282 − 172) ÷ 339.5 = 0.324
የጎማና የማርሽ ድርሻ = 172 − (0.324 × 94.5) = 141 ኒውተን

የአየሩን ቁጥር በ2 አባዝታችሁ ደረጃ 4 ላይ ላገኛችሁት እፍጋት አካፍሉት። 0.648 ÷ 0.97 = 0.67 ሜትር ካሬ። ይህ የመኪናው ቅርጽና የፊቱ ስፋት ተባዝተው የሚሰጡት ቁጥር ነው። ዊንድ ተነልም የሚፈልገው ይህንኑ ነው። አየሩ ስለተካፈለበት የትም ቦታ ከተለካ መኪና ጋር ይወዳደራል።

141ዱን በክብደቱና በ9.81 ስታካፍሉት 0.012 ይመጣል። ለተራ ጎማ በጥሩ አስፋልት ላይ የሚጠበቅ ቁጥር ነው። 0.018 ወይም 0.02 ካገኛችሁ ወደ ደረጃ 3 ተመለሱ፤ ፍሬን፣ ኩሽኔታ ወይም የጎማ ንፋስ ነው። መንገዱ ሸካራ ከሆነም ቁጥሩ ከፍ ይላል።

በዚህ ምሳሌ 75 ላይ አየሩም ጎማውም እኩል 141 ኒውተን ያህል ናቸው። ከዚያ በላይ አየሩ እየበለጠ ይሄዳል። ከተማ ውስጥ በ30 እና በ40 ለሚውል መኪና የሚሻለው ጎማና ፍሬን ማስተካከል ነው። ለአገር አቋራጭ ግን አየሩ ላይ መሥራት ያዋጣል።

ደረጃ 11፦ አንድ ነገር ብቻ ቀይራችሁ ድገሙ

አሁን ወደ ጥያቄያችሁ መጣን። ፖርቶመጋላውን ጫኑ፣ ከደረጃ 6 ጀምሮ ድገሙ። ከዚያ አውርዱትና አንዴ እንደገና ያለሱ ለኩ። ሦስተኛው ዙር ግዴታ ነው። ያለ ፖርቶመጋላ፣ ከነፖርቶመጋላው፣ እንደገና ያለ ፖርቶመጋላ። የመጨረሻው ከመጀመሪያው ጋር ካልተቀራረበ በመሃል ሌላ ነገር ተቀይሯል ማለት ነው፤ ነፋስ ተነስቷል ወይም ጎማው ገና እየሞቀ ነበር። የዚያን ቀን ውጤት አትመኑት።

ለምሳሌ ከነፖርቶመጋላው 80 እስከ 70 በ11.3 ሰከንድ፣ 40 እስከ 30 በ19.4 ሰከንድ ቢወርድ የአየሩ ቁጥር ወደ 0.374 ይወጣል፣ ስፋቱም ከ0.67 ወደ 0.77። የጎማው ድርሻ ግን ከ141 ብዙም አልተነቃነቀም። እንዲህ መሆን አለበት፤ ጣሪያ ላይ የተጫነ ባዶ ብረት ጎማውን አይነካም። የጎማው ድርሻ አብሮ ከዘለለ ልኬቱ ውስጥ ስህተት አለ። ራሳችሁን የምትፈትሹበት ምርጥ መንገድ ይህ ነው።

ደረጃ 12፦ ወደ ሊትር ቀይሩ

10 ኒውተን በ100 ኪሎ ሜትር 1 ሜጋጁል ነው። አንድ ሊትር ቤንዚን 32 ሜጋጁል ያህል ይይዛል፣ ሞተሩ ጎማው ላይ የሚያደርሰው ሲሶ እንኳ አይሞላም። ስለዚህ እያንዳንዱ 10 ኒውተን በ100 ኪሎ ሜትር 0.1 ሊትር ያህል ይፈጃል ብላችሁ ያዙ። ለኤሌክትሪክ መኪና 0.3 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ነው። ከላይ ያለው ፖርቶመጋላ በ80 ፍጥነት 25 ኒውተን ያህል ይጨምራል፤ በ100 ኪሎ ሜትር ሩብ ሊትር ማለት ነው፣ ባዶውን። ዕቃ ሲጫንበት ይብሳል።

የመስኮትና የኤሲ ጥያቄ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። የተከፈተ መስኮት በዚህ ሙከራ ይታያል፣ የአየሩን ቁጥር ይጨምራል። ኤሲ ግን የሚጫነው ሞተሩን እንጂ ጎማውን ስላልሆነ ኒውትራል ላይ አይታይም። ይህ ሙከራ ግማሹን ጥያቄ ብቻ ነው የሚመልስላችሁ።

ዳይኖ (ጉልበት የሚለካ ሮለር) ለምታገኙ

አሜሪካ፣ አውሮፓና የባሕረ ሰላጤ አገሮች ያላችሁ ሮለር ያለው ጋራዥ በቀላሉ ታገኛላችሁ። እዚያ የሚለካው ጎማው ላይ የደረሰው ጉልበትና ከሞተሩ እስከ ጎማው ድረስ የጠፋው ነው። አየር የለም፣ መኪናው ቆሟልና።

1. ሙሉ ጊዜ በአራት ጎማ የሚነዳ መኪና ሁለት ጎማ ብቻ የሚያሽከረክር ሮለር ላይ አታውጡ። የመሃል ዲፈረንሻሉን ያቃጥላል፣ ወይም መኪናው ከሮለሩ ሊወጣ ይችላል።
2. መኪናው በአራት ማሰሪያ ይታሰር፤ ፊት ለፊቱ ማንም አይቁም። የጭስ ማውጫው ወደ ውጭ ይሳብ፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ ይገድላል።
3. ባለ 5 ማርሽ መኪና ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ አራተኛው ላይ ይለካል፣ ካምቢዮው የሞተሩን ዙር እምብዛም ሳይቀይር ስለሚያሳልፍ (ለአንድ ለአንድ የቀረበ ስለሆነ)።
4. ከዝቅተኛ ዙር እስከ ከፍተኛ ሙሉ ነዳጅ ይሰጥ፣ ጫፍ ላይ ፍሪሲዮን ተረግጦ ሮለሩ ብቻውን እስኪቆም ይጠበቅ። ሲቆም የሚመዘገበው ኃይል የጎማው፣ የዲፈረንሻሉና የካምቢዮው ኪሳራ ነው።
5. ሦስቴ ይደገም፣ የዘይት ሙቀቱ ተመሳሳይ ሆኖ።

"15 በመቶ ይጠፋል" በሚል ቋሚ ቁጥር የጎማውን ጉልበት ወደ ሞተር ጉልበት የሚቀይርላችሁን አትቀበሉ። ኪሳራው ከመኪና መኪና፣ ከሙቀት ሙቀት ይለያያል፤ አራተኛው ነጥብ ላይ በቀጥታ ለክታችሁታል። ከፍታ ቦታ ላይ ደግሞ ኮምፒዩተሩ ውጤቱን ወደ ባሕር ጠለል ሲያርመው ተጠንቀቁ። ቱርቦ የሌለው ሞተር አዲስ አበባ ላይ ሩብ ያህል ጉልበት ያጣል፣ ቱርቦ ያለው ግን ያን ያህል አያጣም። ለሁለቱም አንድ ማረሚያ ከተጠቀሙ ቱርቦ ላለው ሞተር ያላወጣው ጉልበት ይታከልለታል። ያልታረመውን ቁጥር ከነግፊቱና ከነሙቀቱ ጠይቁ።

የተለመዱ ስህተቶች

*በአንድ አቅጣጫ ብቻ መለካት።* ጊዜ ይቆጥባል፣ ውጤቱ ግን የመንገዱ ነው።

*ሁለት ነገር በአንዴ መቀየር።* ጎማ ቀይራችሁ በዚያው ፖርቶመጋላ ካወረዳችሁ ምስጋናው የማን እንደሆነ አይታወቅም።

*በሙከራው መሃል ነዳጅ መቅዳት ወይም ሰው መጨመር።* ክብደቱ ተቀየረ፣ ስሌቱ ግን አሮጌውን ይዟል።

*ፍሬን ደጋግሞ መርገጥ።* በየሩጫው መጨረሻ አጥብቃችሁ ካቆማችሁ ፍሬኑ ይግላል፣ አንዳንዱም ከሞቀ በኋላ ሙሉ በሙሉ አይለቅም። ቦታ ካለ በማርሽ እየቀነሳችሁ አቁሙ። የሙቀት ሽጉጡ እዚህ ላይ ይጠቅማል። ቸርኬዎቹን አንብቡ፤ የግራና የቀኝ በጣም ከተራራቀ የጋለው በኩል ፍሬን ይዟል።

*ኤሌክትሪክ መኪናን ከቤንዚን መኪና ጋር እንደወረደ ማወዳደር።* ኤን ላይም ቢሆን ሞተሩ ከጎማው ጋር አብሮ ይዞራል፣ ማግኔት ካለውም ትንሽ ይይዛል። ከጎማው ድርሻ ውስጥ የተወሰነው የሱ ነው።

*ከልዩነቱ የሚበልጥ መበታተን እያለ መደምደም።* ሦስቱ ድግግሞሾች እርስ በርስ በ15 ኒውተን ከተራራቁ፣ የ8 ኒውተን ልዩነት ተገኘ ማለት አይቻልም። ሩጫውን ወደ ስድስት ወይም ስምንት አብዙት። ያኔም ካልተለየ ደብተራችሁ ላይ "ልዩነት አልታየም" ብላችሁ ጻፉ፣ ከነቀኑ፣ ከነሙቀቱና ከነጎማው ንፋስ።